ስለ ሥጋ ደዌና ሕመምተኞች እርስ በርሳቸው ስለ መረዳዳታቸው



አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ሲሉ ተርተዋል። ይህን ተረት በልጅነታችን ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጠን ሰምተነዋል፤ ኋላም በሚሲዮን ትምህርት ቤት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፈነዋል፤ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ሥራችን ደግሞ ነገሩን ሸሽጎ ለሚመጣው ባለጉዳይ ሁሉ ስንነግረው ኖረናል። ዳሩ ግን ለሌላው የምንሰጠውን ምክር ለራሳችን ሳንሰማው ሁለት ዓመት አለፈብን። ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ብዕራችንን ያነሣነው፥ ይህ ስሕተታችን ያስከፈለንን ዋጋ ለመግለጽና ከዚያ ያወጡን ሰዎች እነማን እንደ ሆኑ ለማስታወቅ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር የተቈጠሩ መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

የበሽታው አጀማመር

የምንኖረው በዋግ ኽምራ፥ በደሃና ወረዳ፥ በአምደወርቅ ከተማ ነው። በ2018 ዓ.ም. በቀኝ ክንዳችን ላይ፥ ከክርናችን ዝቅ ብሎ፥ ከቀረው ቆዳ ይልቅ ፈዘዝ ያለ አንድ ምልክት ወጣ። ስፋቱ ከአንድ ብር ሳንቲም እምብዛም አይበልጥም ነበር። አያሳክክም፥ አያምም፥ ላብም አይወጣበትም። የማያምም ነገር ሰውን አያሳስብምና እኛም ቸል አልነው። እየቈየ ግን የቀኝ እጃችን ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣታችን ደነዘዙ፤ ቀስ በቀስም ወደ ውስጥ እየጐበጡ ሄዱ።

አንድ ቀን ማታ ባለቤታችን ቡና አፍልታ፥ ጎረቤት ተሰብስቦ ስንጫወት፥ እጃችንን በከሰሉ ምድጃ ጠርዝ ላይ አሳርፈነው ኖሮ የሥጋ መቃጠል ሽታ ተነሣ። ሰው ሁሉ ወደ ምድጃው ተመለከተ፤ ባለቤታችን ግን እጃችንን አይታ ጮኸች። እኛ ምንም አልተሰማንም ነበር። «የብዕር ብዛት ቆዳዬን አደንድኖት ነው» ብለን በቀልድ አሳለፍነው፤ ከዚያች ሌሊት በኋላ ግን እንቅልፍ አጣን።

ነገሩ ምን እንደ ሆነ ፈጽሞ ሳይገባን ቀርቶ አልነበረም። በልባችን ገምተነዋል፤ ስሙን ግን ለራሳችን እንኳ አልጠራነውም። በአገራችን ይህ በሽታ በዘር የሚወረድ ነው የሚል ሐሳብ ከጥንት ጀምሮ ስላለ፥ ጋብቻ በታሰበ ጊዜ «ዘሩ ይጠየቅ» ይባላል። እኛም ለአካለ መጠን የደረሰች ሴት ልጅ አለችንና፥ የአባቷ በሽታ ቢሰማ ማን ይጠይቃታል ብለን ፈራን። የሥራ ጓደኞቻችንም ከእኛ ጋር ከአንድ ገበታ መቍረስን ይተዋሉ ብለን ፈራን።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን፥ የሕግ መጽሐፍ ስናገላብጥ የኖርን ሰው በመሆናችን አንድ ቍጥር ሌሊት ሌሊት እየመጣ ያስጨንቀን ነበር። ይኸውም በ1960 ዓ.ም. በወጣው በፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 591 የተጻፈው ነው። በዚያ ቍጥር መሠረት ከተጋቢዎቹ አንዱ፥ ሌላው በሥጋ ደዌ የተያዘ መሆኑን ሳያውቅ ያገባ እንደ ሆነ፥ ስለ መሳሳቱ ጋብቻው እንዲፈርስለት ለመጠየቅ ይችል ነበር። ይህ ቍጥር እኛን የሚመለከት አልነበረም፤ በተጋባን ጊዜ በሽታው አልታየብንምና። ደግሞም በ2000 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ የሥጋ ደዌን ስም ከዚያ ስፍራ አውጥቶ፥ በምትኩ የሚናገረው ስለማይድን ወይም ወደ ልጅ በዘር ስለሚተላለፍ በሽታ ነው። ሥጋ ደዌ ደግሞ የሚድን፥ በዘርም የማይወረስ ነው። ይህን ሁሉ እናውቃለን። ነገር ግን ሕግ ከመጽሐፍ በአንድ ቀን ቢፋቅም ከሰው ልብ ለመፋቅ ብዙ ዘመን እንደሚወስድ በራሳችን አየነው።

ምክር ስለ ሰጡን እናት

በ2020 ዓ.ም. አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ከገጠር ወደ ፍርድ ቤት መጡ። ወንድማቸው «የታመመች ሴት መሬት ምን ያደርግላታል» ብሎ የድርሻቸውን እርሻ ስለ ያዘባቸው አቤት ለማለት ነው። እጃቸውን በነጠላቸው ውስጥ ሸፍነው ከፊታችን ቆሙ። እኛ ቃላቸውን ስንጽፍ እርሳቸው የሚመለከቱት ወረቀቱን ሳይሆን እጃችንን ነበር። ጥቂት ቈይተውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

«ልጄ፥ ይህች ትንሿ ጣትህ ከመቼ ወዲህ ነው የጐበጠችው?» አሉን።

«ከብዕር ብዛት ነው፥ እማማ» ብለን መለስን።

እርሳቸውም ፈገግ ብለው እጃቸውን ከነጠላው ውስጥ አወጡ። ጣቶቻቸው ሁሉ ጐብጠው፥ አንዳንዶቹም አጥረው ነበር። «እኔ ፊደል አልቈጠርሁም፤ ብዕርም ጨብጬ አላውቅም። ታዲያ የኔ ጣት ከምን ጐበጠ?» አሉን። የምንመልሰው አጣን። እርሳቸውም ቀጥለው፦ «እኔ መድኃኒቱን ውጬ ከዳንሁ ብዙ ዘመኔ ነው። ስፈራና ስሸሸግ ስለ ቈየሁ ግን ጣቴ አልተመለሰልኝም። ዛሬ ብትሄድ እጅህ እንደ እጄ አይሆንም፤ ነገ የምትል እንደ ሆነ ግን ይኸው እኔን ተመልከት» አሉን።

ይህን ነገር ሐኪም ነግሮን ቢሆን እንከራከር ነበር። ባለቤታችን ነግራን ቢሆን እንቈጣ ነበር። የእኒህን እናት ቃል ግን ለመካድ አልቻልንም፤ ማስረጃቸው በገዛ እጃቸው ላይ ነበረና። በማግሥቱ ማልደን ወደ ጤና ጣቢያ ሄድን።

ስለ በሽታው ጠባይ

ብዙ ሰው የሚፈራው ነገሩን ስለማያውቅ ስለ ሆነ፥ ስለ በሽታው ጠባይ ጥቂት መግለጽ ይገባናል። የሥጋ ደዌን ምክንያት ያገኘው ኖርዌያዊው ሐኪም ገርሃርድ አርማወር ሐንሰን ነው። እርሱም በ1873 ዓ.ም. በማጉያ መነጽር ተመልክቶ፥ በሽታውን የምታመጣ ማይኮባክቴሪየም ሌፕሬ የምትባል ረቂቅ ተሐዋሲ መኖሯን አስታወቀ። ስለዚህ በሽታው እርግማን አይደለም፤ የዘር ዕዳም አይደለም። ተሐዋሲዋ እጅግ ዝግተኛ ናት፤ አንዷ ሁለት ለመሆን ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጅባታል። በዚህም ምክንያት ሰው ከተያዘ በኋላ ምልክቱ እስኪታይበት በአማካይ 5 ዓመት፥ አንዳንድ ጊዜም 20 ዓመት ይቈያል።

የሚተላለፈውም መድኃኒት ካልጀመረ ሕመምተኛ አፍንጫና አፍ በሚወጣው ጠብታ፥ ረዥም ጊዜ ተጠጋግቶ በመኖር ነው። በመጨባበጥና አብሮ በመብላት አይተላለፍም። ከ100 ሰዎችም 95ቱ ያህል በተፈጥሮ ኀይላቸው ይቋቋሙታል። ሕመምተኛው መድኃኒቱን ከጀመረ በኋላ በጥቂት ጊዜ ውስጥ በሽታውን ወደ ሌላ ሰው ማስተላለፉ ይቀራል።

ጣት የሚቈርጠው በሽታው ራሱ ይመስለን ነበር፤ እንዲህ አይደለም። በሽታው የሚጐዳው ነርቭ የሚባለውን የስሜት ሥር ነው። ስሜቱ በጠፋ ጊዜ እሳት ሲፈጅ፥ ድንጋይ ሲወጋ፥ ጫማ ሲልጥ ሰውዬው አያውቅም። ስለማያውቅም ቍስሉን ይረግጠዋል፤ ቍስሉም እያመረቀዘ እስከ አጥንት ይደርሳል። ሕመም የተባለው ነገር እግዚአብሔር በሰውነታችን ላይ ያቆመው ዘበኛ መሆኑን የምናውቀው ዘበኛው በሸሸ ጊዜ ነው።

ስለ መድኃኒቱ የሆነ እንደ ሆነ፥ የዓለም ጤና ድርጅት ከ1981 ዓ.ም. ጀምሮ ሪፋምፒሲን፥ ዳፕሶንና ክሎፋዚሚን የሚባሉትን መድኃኒቶች አጣምሮ መስጠት እንዲገባ መክሯል። የበሽታው ዐይነት ቀላል ለሆነበት 6 ወር፥ ለበረታበት 12 ወር ይሰጣል። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህም በዓለም ሁሉ ያለ ዋጋ ይታደላል። በዚህ መድኃኒት ኀይል ኢትዮጵያ በ1990ዎቹ መጨረሻ፥ ከ10000 ሰው ውስጥ ታማሚው ከ1 በታች የሆነበትን ልክ ለመድረስ ችላለች። ነገር ግን በሽታው ፈጽሞ አልጠፋም። በዓለም ላይ በ2022ና በ2023 ዓ.ም. በየዓመቱ ከ170000 በላይ አዲስ ሕመምተኞች ተገኝተዋል፤ በአገራችንም በነዚህ ቅርብ ዓመታት በየዓመቱ ከ2000 በላይ ይገኛሉ።

የጤና ባለሙያው ዓይናችንን አስጨፍኖ ክንዳችንን በጥጥ ጫፍ እየነካ «ሲሰማዎ ይንገሩኝ» አለን። ምልክቱ ላይ በደረሰ ጊዜ ዝም አልን፤ ዝምታችን መልስ ሆነ። የ12 ወር መድኃኒት ታዘዘልን። ስለ ጣቶቻችን ግን እንዲህ ሲል ገለጸልን፤ ነርቭ ከደከመ ገና 6 ወር ሳይሞላው የመጣ ሰው ፕሬድኒሶሎን በሚባል መድኃኒት ስሜቱና ኀይሉ ሊመለስለት ይችላል፤ ጊዜ ያለፈበት ግን ተስፋው ጥቂት ነው። እኛ ያለፈብን 2 ዓመት ነበር። ሁለቱ ጣቶቻችን እስከ ዛሬ እንደ ጐበጡ የቀሩት ስለዚህ ነው። የመደበቅ ዋጋ ያልነውም ይኸው ነው።

ያን ዕለት ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነገሩን ለባለቤታችን ገለጽንላት። እርሷም ጥቂት ዝም ብላ፦ «እጅህ የተቃጠለ ዕለት ገብቶኝ ነበር፤ አንተው እስክትነግረኝ ነው የጠበቅሁ» አለችን። ሁለት ዓመት በአንድ ጣራ ሥር፥ እኛ ስንደብቅ እርሷ ያወቀችውን ስትደብቅ ኖረናል ማለት ነው። በሳምንቱ እርሷም ልጆቹም ተመረመሩ፤ በአንዳቸውም ላይ ምልክት አልተገኘም።

ስለ ሕመምተኞቹ ጉባኤ

መድኃኒት ለመቀበል በየወሩ በሄድን ጊዜ እኒያን እናት ደግመን አገኘናቸው። እርሳቸው ከዳኑ ዘመን ቢያልፍም፥ በዚያ ቀን እየመጡ አዲስ ታማሚዎችን መገናኘት ልማዳቸው ነበር። ከእርሳቸውም ጋር አንድ ሸማኔ፥ ሁለት ገበሬዎች፥ አንዲት ጠላ ሻጭና አንድ ወጣት ተማሪ ነበሩ። ስብሰባቸው ስም የለው፥ ማኅተም የለው፤ በእኒያ እናት ግቢ በየአሥራ አምስት ቀኑ ይሰበሰባሉ፤ በኽምጥኛም በአማርኛም ይጫወታሉ። እኛም ሰባተኛ ሆነን ገባን።

መጀመሪያ የተጠቀምነው እንዲህ ነው። ሸማኔው በሁለተኛው ቀን ጠርቶን፦ «ጌታዬ፥ መድኃኒቱን በዋጡ ዕለት ሽንትዎ ይቀላል፤ ደም ነው ብለው እንዳይደነግጡ። ሁለትና ሦስት ወር ሲሆን ደግሞ ፊትዎ ይጠቍራል፤ መድኃኒቱ ሲያልቅ ግን እያደር ይለቃል» አለን። ይህን የጤና ባለሙያውም ነግሮን ነበር። ነገር ግን ፊቱ ጠቍሮ ከነጣለት ሰው አፍ መስማት ሌላ ነው። ሽንታችን የቀላ ዕለት አልደነገጥንም፤ በፍርድ ቤትም «ምነው ፊትህ ጠቈረ» ብለው ለጠየቁን፥ ዓይናችንን ሳንሰብር «መድኃኒት እወስዳለሁ» ብለን ለመመለስ በቃን።

በየስብሰባው የሚደረገው ሥራ ይህ ነው። እያንዳንዱ ሰው እግሩንና እጁን በቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ለግማሽ ሰዓት ያህል ይነክራል፤ ሙቅ ውሃ ክልክል ነው፤ ስሜት የሌለው እግር ሙቀቱን አይለይምና። ከዚያም የደደረውን ቆዳ በለሰለሰ ድንጋይ ያሻል፤ ውሃው ሳይደርቅም ቅባት ወይም ቫዝሊን ይቀባል። ቀጥሎ አንዱ የሌላውን ውስጥ እግር ይመለከታል፤ ሰው የገዛ ተረከዙን አጥርቶ ለማየት አይችልምና። ቍስል የተገኘበት ሰው ቍስሉ እስኪድን መንገድ እንዲቀንስ ይመከራል። ዓይኑ አልከደን ያለው ደግሞ በመስተዋት ዓይኑን እንዲያይ፥ ሌሊትም በንጹሕ ጨርቅ እንዲሸፍን ይደረጋል። አገራችን ድንጋያማ እንደ መሆኗ መጠን ስለ ጫማ ብዙ ይነገራል፤ በረባሶ ያደረገ ሰው ሚስማር እንዳይወጋው ውስጡን በጣቱ ሳይሆን በዓይኑ ይመረምራል። ድስት የምታወርድ ሴትም ወፍራም ጨርቅ ሳትይዝ አትነካም።

ይህ ጉባኤ ነቀፋ የሌለበት ነው ለማለት አንደፍርም። ከገበሬዎቹ አንዱ ምልክቱ ስለ ጠፋ «መድኃኒቱን ብተወውስ» ብሎ ሲጠይቅ፥ ሌላው «ተወው፤ እኔም ትቼው ነበር» ብሎ መክሮት ነበር። እኒያ እናት በሰሙ ጊዜ ሁለቱንም እየመሩ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዷቸው። ተማሪውም ጓደኞቹ አዩኝ ብሎ ለሦስት ወር ጠፍቶብን ነበር። ከዚህ የምንማረው፥ የሕመምተኞች ምክር የሐኪምን ስፍራ ለመያዝ የማይችል መሆኑን ነው። ሐኪሙ መንገዱን ያሳያል፤ ጓደኛው ደግሞ በመንገዱ አብሮ ይሄዳል።

በ2021 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ዋግ ኽምራ በደረሰ ጊዜ እኛ መድኃኒታችንን ጨርሰን ነበር፤ ጠላ ሻጯ ግን ገና 4 ወር ይቀራት ነበር። መድኃኒትም ተቋረጠ። ልፋቴ ሁሉ ከንቱ ቀረ ብላ አለቀሰች። ዳሩ ግን የ12 ወሩ መድኃኒት በ18 ወር ውስጥ ያለቀ እንደ ሆነ ሕክምናው እንደ ተፈጸመ ይቈጠራልና፥ መንገዱ በተከፈተ ጊዜ የቀራትን ወስዳ ፈጸመች። በዚያ በክፉ ጊዜ እንኳ የእግር መንከሩ ሥራ አልታጐለም፤ ውሃና ቅባት በየቤቱ ይገኝ ነበርና።

በአገራችን ስለ ነበረውና ስላለው

ሕመምተኛን ከሰው መለየት የአባቶቻችን ልማድ ብቻ አድርገን እንዳንቈጥረው የሚያደርግ አንድ ምስክር አለ። በ1520 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ የመጣውና 6 ዓመት የተቀመጠው የፖርቱጋል ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፥ በአገራችን የሥጋ ደዌ ሕመምተኞች ከሰው ሳይለዩ እንደሚኖሩ፥ ለነፍሳቸው ያሉ ብዙ ሰዎችም ቍስላቸውን በእጃቸው እንደሚያጥቡላቸው ጽፏል። በሌላ ወገን ግን ሌሊት ሊነጋጋ ሲል በየደጁ እየዘፈኑ የሚለምኑትን ላሊበላዎች፥ ልመናውን ቢተዉ ሥጋ ደዌ ይወጣባቸዋል እየተባለ ሲነገር ኖሯል። እንግዲህ ርኅራኄውም ፍርሃቱም ጐን ለጐን የኖሩ ናቸው።

በ1930ዎቹ በአዲስ አበባ ዳርቻ ለዚህ በሽታ የሚሆን ሆስፒታል ተሠራ፤ እርሱም ኋላ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ተጠርቶ፥ ሰፈሩ እስከ ዛሬ ዘነበወርቅ ይባላል። በ1965 ዓ.ም. በዚያው ስፍራ አለርት የተባለው የሕክምናና የማሠልጠኛ ማእከል ተመሠረተ። ከየአውራጃው ለሕክምና የመጡ ብዙዎች ወደ አገራቸው መመለስን ፈርተው በዙሪያው ሰፈሩ፤ ተጋቡ፤ ወለዱ፤ ጎረቤት ሆነው ተረዳዱ።

ከዚያም በ1995 ዓ.ም. አለርት አዲስ አሠራር ጀመረ። ይኸውም ሕመምተኞች በየቀበሌያቸው በቡድን ተሰብስበው ቍስላቸውን ራሳቸው እንዲጠብቁ ማድረግ ነው። በ1999 ዓ.ም. እንደዚህ ያሉ 72 ቡድኖች ተቋቁመው ነበር። በተመረመሩም ጊዜ ቍስላቸው እንደ ቀነሰ፥ ከዚህም በላይ ወደ ገበያና ወደ ለቅሶ ቤት ሳያፍሩ ከሰው መካከል መግባት እንደ ጀመሩ ታወቀ። በ1996 ዓ.ም. ደግሞ ሕመምተኞቹ ራሳቸው የኢትዮጵያ የሥጋ ደዌ ተጠቂዎች ብሔራዊ ማኅበርን አቋቋሙ፤ ማኅበሩም በልዩ ልዩ ክልሎች ቅርንጫፎች አሉት። ከእኛ ጋር በአገውነት በሚዛመደው በአዊ ሕዝብ ዘንድም፥ ሥጋ ደዌና የእግር እብጠት ያለባቸው ሰዎች ከነቤተ ሰቦቻቸው እንዲህ ያለውን ጥበቃ እንዲማሩ ተደርጎ ጥቅሙ ተመርምሯል። ሥራው በሕመምተኛው ብቻ ሳይቀር ቤተ ሰቡም ውሃውን እንዲያቀርብና እግሩን እንዲያይ የተማረበት ነው።

በውጭ አገር ስለ ሆነው

ይህ ነገር በእኛ አገር ብቻ የተገኘ አይደለም። በአሜሪካ፥ በሉዊዚያና ግዛት፥ ካርቪል በሚባል ስፍራ ሕመምተኞች በግድ ተለይተው ይቀመጡ ነበር። ወደዚያ የገባ ሰው ቤተ ሰቡ እንዳያፍር ስሙን እስከ መለወጥ ይደርስ ነበር። ከነዚህም አንዱ ስታንሊ ስታይን ተብሎ የተጠራው ሰው በ1931 ዓ.ም. የሕመምተኞችን ጋዜጣ ጀመረ፤ ኋላም ኮከብ የሚል ትርጓሜ ያለው ስም ተሰጠው። ስታይን ዓይኑ ከጠፋ በኋላ እንኳ ሥራውን አልተወም። በዚሁ ካርቪል በ1941 ዓ.ም. ሕመምተኞች ፕሮሚን የተባለውን መድኃኒት በፈቃዳቸው ሞከሩ፤ ለዓለም ሁሉ የመዳን መንገድ የተከፈተው በእነርሱ ሥጋ ላይ ነው። በብራዚልም በ1981 ዓ.ም. ሞርሐን የተባለ የሕመምተኞች ማኅበር ተነሣ። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በሥጋ ደዌ ምክንያት ሰውን መለየት እንዲቀር ውሳኔ አሳለፈ።

ስለ እኒያ እናት ክርክር

የእኒያ እናት የመሬት ክርክር በተሰማበት ቀን የጉባኤው ሰዎች ሁሉ መጥተው ከኋላቸው ተቀመጡ። አንዳቸውም አልተናገሩም፤ ምስክርም አልነበሩም። ነገር ግን ያን ዕለት እናቲቱ እጃቸውን በነጠላ አልሸፈኑም። ዳኛው በጠየቋቸው ጊዜ ቀና ብለው፦ «ጌታዬ፥ መሬቱን የማርሰው በእጄ አይደለም፤ በእኩል ነው የማሳርሰው። መሬቱ ግን የኔ ነው» አሉ። ወንድማቸውም በሽታን ከመጥቀስ በቀር ሌላ ማስረጃ አላቀረበም። ድርሻቸው እንዲመለስላቸው ተፈረደ። ውሳኔውን የገለበጥነው እኛ ነን፤ በዚያው በጐበጠው እጃችን ነው። ከችሎት ስንወጣ አንድ ባልደረባችን ጣታችንን አይቶ ጠየቀን፤ ለመጀመሪያ ጊዜም የበሽታውን ስም ጠርተን መለስንለት። በነጋታው ይኸው ባልደረባችን ከእኛ ጋር ከአንድ ገበታ ቈረሰ።

ለቤት ጌቶች፥ ለእመቤቶችና ለሹማምንት

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የሚከተለውን እንመክራለን። በመጀመሪያ፥ በቤትዎ ካሉት በአንዱ ላይ የማያሳክክ፥ የማያምም፥ ሲነኩት የማይሰማ ምልክት ያዩ እንደ ሆነ፥ ወይም እጁ ሲቃጠል የማይሰማው ሰው ያገኙ እንደ ሆነ፥ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ሁለተኛ፥ የታመመውን ሰው ገበታውንና ዋንጫውን አይለዩበት፤ መለየቱ የሚያድነው ሰው የለም፤ የሚጐዳው ግን አለ። ሦስተኛ፥ ሕመምተኛው ከሌሎች ሕመምተኞች ጋር ለመገናኘት ሲሻ «ከእነርሱ ጋር አትታይ» ብለው አይከልክሉት። አራተኛ፥ ቁምጥና የሚለውን ስድብ ከልጆችዎ አፍ ያርቁ።

በሥልጣን ላይ ያላችሁ ደግሞ፥ ሕመምተኞች የሚሰበሰቡበት አንድ ክፍል፥ ጥቂት ሳፋና ጥቂት ቅባት ከመንግሥት ዕቃ ሁሉ እጅግ ርካሹ መሆኑን አስቡት። ባለጉዳይ ከፊታችሁ በቆመ ጊዜም ከእጁ አስቀድማችሁ ነገሩን ተመልከቱ።

በወንጌል ስለ ዐሥሩ ለምጻሞች የተጻፈውን በልጅነታችን ስናነብ፥ ትኵረታችን ሁሉ ለማመስገን በተመለሰው በአንዱ ሳምራዊ ላይ ነበር። በመጽሐፍ ለምጽ የተባለው ሁሉ ዛሬ ሥጋ ደዌ ከምንለው ጋር አንድ አለመሆኑን ሊቃውንት ይናገራሉ። ነገር ግን አሁን ስናነበው ሌላ ነገር እናያለን። አይሁድና ሳምራውያን የማይተባበሩ ሕዝቦች ሲሆኑ፥ ዐሥሩ በሽታ አገናኝቷቸው አብረው ቆሙ፤ በአንድ ድምፅም ጮኹ። ከዳኑ በኋላ ግን ተለያዩ። እኒያ በአምደወርቅ ያሉት እናት ከዳኑ በኋላም አልተለዩም፤ መድኃኒት በሚታደልበት ቀን ዛሬም ከጤና ጣቢያው ደጅ ተቀምጠው ይገኛሉ። በዚያ በኩል የሚያልፍና እጁን በኪሱ የሸሸገ ሰው ቢኖር፥ ከአጠገባቸው ጥቂት ዐረፍ እንዲል እንለምነዋለን።